ጅግና፦ ለዘር ስም የሰጠች የፎገራ መንደር

የሩዝ ተመራማሪዎች በፎገራ ሜዳ አዲስ ዝርያ ሲሞክሩ ገበሬው ከሚያውቀው ነባር ዝርያ አጠገብ ይዘሩትና ያወዳድሩታል። ለብዙ ዓመታት ማወዳደሪያ ሆኖ ያገለገለው ዝርያ «ኤክስ-ጅግና» ይባላል። ጅግና በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ከመግባቱ በፊት በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ ያለች የገበሬ መንደር ናት። የታሪክ መጻሕፍት አያውቋትም። ቤተ መንግሥት አልተሠራባትም፣ ስሟ በዜና መዋዕል አልተጠራም። ነገር ግን ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የኢትዮጵያን ሰው ማዕድ ከለወጡ ቦታዎች አንዷን ጥቀስ ብባል፣ ቀድማ የምትመጣልኝ እሷ ናት። ከእሷም ጋር በፎገራ ወረዳ ያለችው እህቷ ሻጋ።

መንደሯን ለመረዳት መጀመሪያ ሜዳውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ትከሻ ሁለት ወንዞች ይነሣሉ፤ ርብና ጉማራ። ሁለቱም ወደ ምዕራብ እየወረዱ የደብረ ታቦርን፣ የእስቴንና የፋርጣን አፈር ተሸክመው ጣና ዳር ሲደርሱ ቁልቁለቱ በድንገት ያልቅባቸዋል። መሬቱ እንደ ምጣድ የተነጠፈ ነው። ውኃው የሚሄድበት ሲያጣ በግራና በቀኝ ይተኛል፤ ደለሉንም እዚያው ያራግፋል። የፎገራ ሜዳ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ በየክረምቱ አንድ ስስ ንብርብር እየተጨመረበት። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ የአየር ንብረት ካርታ ወይና ደጋ ይለዋል። በላዩ የሚኖር ሰው ግን ኑሮው የቆላና የረግረግ ነው። ዋልካ አፈሩ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ያብጥና ውኃ ይቋጥራል። ከሐምሌ እስከ መስከረም አንዱን ጎጥ ከሌላው የሚያገናኘው እግር ሳይሆን ከደንገል የታሰረ ታንኳ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤቶቹም ጉብታ እየመረጡ የተሠሩ ናቸው።

የቀድሞ ነገሥታት ይህን ሜዳ ከላይ ሆነው ነው ያዩት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራን ግንብ ያሠሩት ከእንፍራንዝ በላይ፣ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። ጎንደርም ኮረብታ ላይ ተቆረቆረች፤ በኋላ የራስ አሊና የአፄ ቴዎድሮስ ከተማ የሆነችው ደብረ ታቦርም እንዲሁ ደጋ ላይ ናት። ሜዳው ለእነሱ የፈረስና የከብት መሰማሪያ፣ የሠራዊት መተላለፊያ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ወደ ጢስ አባይ ሲወርድ ርብንና ጉማራን ተሻግሮ በዚሁ በኩል አልፏል። ሁሉም አላፊ ነው። ከተማ ቆርቋሪው ሜዳውን የሸሸበት አንዱ ምክንያት ወባ ነው። በ1950 እና 1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከፍታ ቦታዎች ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ፣ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ በጊዜው ተገምቷል። የጣና ዙሪያ ሜዳዎች እንዲህ ያለውን መቅሠፍት ከዚያ በፊትም ያውቁታል፤ ደንቢያ ላይ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የደረሰው እልቂት ሰብል ሰብሳቢ አሳጥቶ ነበር።

የሸሸ ቢኖርም የቀረ አለ። ከውኃው ጋር መኖርን የተማረው የፎገራ ሰው መጀመሪያ ሀብቱን ያደረገው እህል ሳይሆን ከብት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጎርፉ የተኛበት መሬት በሣር ይሸፈናል፤ በጋው በገፋ ቁጥር ሣሩ ውኃውን ተከትሎ ወደ ሐይቁ ይጠጋል፣ ከብቱም ይከተለዋል። በዚህ ዑደት ውስጥ የፎገራ ከብት የሚባለው ዝርያ ተፈጠረ፤ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ገራም፣ ግዙፍ፣ ከአገራችን ከብቶች ውስጥ በወተቱ የተመሰከረለት፣ ረግረግ ውስጥ ቆሞ መጋጥን የሚችል። ይህ ከብት ከሣሩ ተነጥሎ ሊታሰብ አይችልም፤ ለዚህም ነው ኋላ ስለ ሩዝ ሳወራ ወደ እሱ የምመለሰው።

እርሻው ግን አስቸጋሪ ነበር። ጤፍ ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ ቢጫ ይሆናል፤ ገብስና በቆሎም ያው ነው። ገበሬው የነበረው አማራጭ ውኃው እስኪሸሽ መጠበቅና በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ መዝራት፣ ዳር ዳሩን ኑግ ማብቀል ነው። ጓያ ለዚህ መሬት የተፈጠረ ይመስላል። ዝናብ ሳያይ ከዋልካው እርጥበት ብቻ ፍሬ ይሰጣል። በችግር ዘመን ግን ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። በደንቢያና በፎገራ በምርኩዝ የቀሩ ወጣቶችን ሐኪሞች ያጠኑት በዚህ ምክንያት ነው። ዝናብ በዝቶ የሚራብ አገር ነበር ማለት ይቻላል። ደጋው ዝናብ ሲያጣ ይራባል፤ ፎገራ ዝናብ ሲበዛበት።

የለውጡ ዘመን የመጣው ከደርግ ጋር ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ገበሬው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጅ ተገፋ። ጅግናና ሻጋ ማኅበር ከቆመባቸው መንደሮች ነበሩ። መንግሥት ከፒዮንግያንግ ጋር ወዳጅነት በመሠረተበት በዚያ ዘመን የሰሜን ኮርያ የእርሻ ባለሙያዎች ወደ ፎገራ መጡ። ሜዳው ላይ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነበር፤ በረግረጉ ውስጥ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል የዱር ሩዝ። ከብት ይግጠዋል እንጂ ሰው እንደ እህል አልቆጠረውም። ለሩዝ አገር ሰው ግን ይህ ትልቅ ምልክት ነው፤ ዘመዱ በበቀለበት እሱም ይበቅላል። በማኅበሮቹ ማሳ ላይ ሙከራ ተጀመረ። ከዚያ ጥቂት አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ቃኘው ሻለቃ ኮርያ ዘምቶ ከሰሜኑ ጦር ጋር ተዋግቷል። የዚያው የሰሜኑ አገር ዘር ፎገራ ላይ መብቀሉ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው።

ዘሩ ለምን ያዘ? ብዙ ሰው ሩዝ ሲባል የሚያስበው ሞቃት አገርን ነው፤ ሞቃት አገር የለመደ ሩዝ ግን ፎገራ ላይ ችግር ይገጥመዋል። በ1,800 ሜትር ከፍታ የመስከረምና የጥቅምት ሌሊት ይበርዳል። ሩዝ ደግሞ ዛላ በሚያወጣበትና በሚያብብበት ሰዓት ብርድ ካገኘው ፍሬው ባዶ ይቀራል። ከኮርያ የመጣው ዘር ብርድ የለመደ፣ አጭርና ክብ ፍሬ ያለው ወገን ነው። ውኃ ያልፈለገው ጤፍ ጠፍቶ፣ ሙቀት የሚፈልገው ሩዝ ቀዝቅዞ፣ ለዚህ ሜዳ የቀረው ልክ የዚህ ዓይነት ነበር። ሰኔ ላይ በብተና ይዘራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ጎርፉ ሲተኛ ሌላው ሰብል በሚሞትበት ውኃ ውስጥ ይቆማል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል። ሩዙ ሲነሣ በማሳው ላይ የሚቀረው እርጥበት ደግሞ ለጓያው ይበቃል። አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ የማያበላ የነበረ መሬት ሁለት ጊዜ መታረስ ጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ ታሪኩ የማምንበትን መናገር አለብኝ። የፎገራን ሩዝ ስናነሣ የባለሙያውንና የመንግሥትን ስም ማስቀደም ለምደናል። የሆነውን በቅደም ተከተል ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የካቲት 1982 ዓ.ም. ደርግ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ገበሬው በየቦታው ማኅበሩን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በተነ። በሬውን ነጥሎ ወሰደ፣ መሬቱን ተከፋፈለ፣ የማኅበሩን ንብረት ተቃረጠ። ማኅበሩ ያመጣውን ሁሉ አብሮ ቢጥል የሚፈርድበት አልነበረም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መንግሥቱም ወደቀ፣ ባለሙያም አልነበረም። ዘሩ ግን አልተጣለም። በጎተራ ተቀመጠ፣ በሰኔ ተዘራ፣ ከጎረቤት ጎረቤት በቁና ተበዳደሩት። ሩዝን የመንግሥት ሙከራ ከመሆን አውጥቶ የገበሬ ሰብል ያደረገው ይህ ማንም ሪፖርት ያልጻፈበት ጊዜ ነው።

ያቆየው ደግሞ በዋናነት ጓዳው ይመስለኛል። ሩዝ በከተማ ቤት የእንግዳ ምግብ፣ በአትክልት የሚሠራ የድግስ ጌጥ ነበር። በፎገራ ገበሬ ቤት እንደዚያ ሆኖ ቢቀር ኖሮ በሁለት ዓመት ይረሳ ነበር። ሴቶቹ ወደ ምጣድ አመጡት። የሩዝ ዱቄት ብቻውን ሲጋገር እንጀራው ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ከጤፍ ጋር ሲቀላቀል ግን ነጭና ለስላሳ ይሆናል፣ ጤፉንም ያበረክታል። ሊጡን ምን ያህል ማቡካት፣ ስንት እጅ ጤፍ መጨመር እንዳለበት በየቤቱ ሲሞከር ኖሮ የተደረሰበት ነው። ከዚያ ቂጣው፣ ገንፎው፣ ጠላውና አረቄው ተከተለ። ገለባው ለከብት ሆነ፤ ለቤት ግድግዳ ጭቃም ተቦካበት። ዛሬ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ጤፍ ሲወደድ ብዙ ቤተሰብ የሚጋግረው ቅልቅል እንጀራ ከዚህ ሙከራ የተወረሰ ነው። ለዚህ ፈጠራ ሽልማት የተቀበለ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ በየጊዜው የተጻፈበት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የግብርና ባለሙያዎችና የአዴት ምርምር ማዕከል ወደ ሩዙ ተመለሱ፤ ሰብሉ ከጅግናና ከሻጋ ወጥቶ የፎገራን፣ የደራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ ሸፈነ። በሚሊኒየሙ መባቻ መንግሥት «የሚሊኒየሙ ሰብል» አለው፤ በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ ወጣለት። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተሠራ። ሰብሉ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ወደ ፓዌ፣ በኢሉባቦር ወደ ጨዋቃ፣ በደቡብ ምዕራብ ወደ ጉራፈርዳ ተስፋፋ፤ በትግራይም በማይ ፀብሪ አካባቢ ተሞከረ። ወረታ ራሷ የሩዝ ከተማ ሆነች። ቻይናውያን በደርግ ዘመን ከወልዲያ ያደረሱት መንገድ ከባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ስለሆነች መፈልፈያ ወፍጮዎች በረከቱባት፤ ከጅግና በጋሪ የወጣ ሩዝ እዚያ ተፈልፍሎ ወደ ወሎም፣ ወደ ጎጃምም፣ ወደ ሸዋም ይጫናል።

አሁን ወደ ከብቱ ልመለስ። ሩዝ የበቀለበት መሬት ባዶ መሬት አልነበረም። ግጦሽ ነበር፤ አብዛኛውም የወል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደልም፣ ከዚያ ወዲህም የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር የወሉ መሬት እየተሸረፈ ወደ ማሳ ገባ። ሩዝ እስኪመጣ ድረስ ረግረጉን የጠበቀው ለእርሻ አለመመቸቱ ነበር፤ ሩዙ ያን ጥበቃ አነሣው። የፎገራ ከብት በገለባ የሚኖር፣ ቁጥሩ የተመናመነ፣ ከሌላ ዝርያ ጋር የተደባለቀ ሆነ። ንጹሑን ዘር ለማቆየት በአንዳሳ የምርምር ማዕከልና በመተከል ርቢ ጣቢያ ሥራ ተይዟል። አንድ ከብት ከትውልድ ሜዳው ወጥቶ በጣቢያ ሲጠበቅ ግን ሜዳው ምን እንደ ደረሰበት ይናገራል።

ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች የባሰ ደረሰባቸው። በርብና በጉማራ መካከል ያሉት እነዚህ ውኃ አዘል ቦታዎች በበጋ ከሰሜን የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ወፎችና የአገሬው ባለ ዘውድ ክሬን የሚሰማሩባቸው ነበሩ። ዓሣም ከጣና እየወጣ ይራባባቸዋል። በሞተር ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም ማልማት ሲስፋፋ ውኃቸው ተሳበ፤ ሲደርቁ ደግሞ ታረሱ። ጣና ሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ቢመዘገብም ያረሰውን ገበሬ መክሰስ አልችልም። ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ይዞ አምስትና ስድስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ከፊቱ የደረቀ ረግረግ ሲያይ ወፍ እንዲያስብ የምንጠይቀው እኛ ምን ሰጥተነው ነው? ጥፋቱ ግን ጥፋት ነው። ረግረጉ ጎርፍ የሚያርፍበት፣ ደለል የሚጣራበት፣ በድርቅ ዓመት ከብት የሚተርፍበት መጠባበቂያ ነበር። ከደንገሉ ታንኳ አስሮ፣ ቁና ሰፍቶ የሚኖረው ነገደ ወይጦም ኑሮው አብሮ ጠበበ።

ውኃው በበኩሉ ቦታውን አልረሳም። የጉናና የእስቴ ተዳፋት እየተራቆተ ሲሄድ ጉማራ የሚያወርደው ደለል በዛ፤ ወንዙ ሜዳው ላይ ሲደርስ ወለሉ ከፍ እያለ ከዳርቻው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ገበሬው ዳሩን በአፈር ሲያጥር ደለሉ መሃል ላይ ይከማቻል፤ አጥሩ የተሰበረ ዕለት የሚወጣው ጎርፍ የቀድሞው ዝግ ያለ ጎርፍ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ድሬዳዋና ኦሞ በጎርፍ ባለቀሱበት በዚያው ወቅት፣ ፎገራና ሊቦ ከምከም ሰምጠው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ከዚያ በፊት በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ተቃራኒው ሆኖ ነበር። ከጣና የሚወጣውን ውኃ የሚገታው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ከተሠራ በኋላ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ከደረቁ ዓመት ጋር ተደምሮ የጣናን ከፍታ አወረደው፤ ሐይቁ ሲሸሽ የገለጠውን «ባሕር ሸሽ» መሬት የዳር ገበሬዎች አረሱት። ሐይቁ ሲመለስ ክርክሩም አብሮ ተመለሰ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው የእምቦጭ አረም ደግሞ ከሰሜን ዳርቻ ተነሥቶ የፎገራን የሐይቅ ዳር ያዘ። ሣሩን አፍኖ ለከብት መጠጫ መግቢያ አሳጣ፤ የመንደሩ ሰው በየበጋው በደቦ እየወጣ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል ከርሟል።

በሽታም አለ። ወባው አልጠፋም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተነሣው ካላ-አዛር መጀመሪያ ላይ ወባ እየተባለ ሲታከም ብዙ ሰው አልቋል፤ ምንነቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። አረም የሚነቅሉት ሴቶችና ልጆች ሐምሌን ሙሉ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ አልቅት ከእግራቸው እያነሡ ነው የሚውሉት። ሩዝ ሁለትና ሦስት ጊዜ ካልታረመ አይሰጥም፤ ወንፈሉ አልበቃ ሲል ከደጋው ከእስቴና ከፋርጣ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። የሩዙ ኪሎ ዋጋ ሲነገር ይህ ድካም ውስጡ እንዳለ የሚያስታውስ ነጋዴ አላየሁም። ገበሬው ታኅሣሥ ላይ፣ ገበያው በሞላበትና ዋጋው በወረደበት ሰዓት፣ የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል ይሸጣል፤ የተፈለፈለው ሩዝ ደግሞ በከተማ ሱቅ ከውጭ በዶላር ከመጣው ረጅም ፍሬ አጠገብ ተቀምጦ «የአገር ቤቱ» ተብሎ ዝቅ ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገዱን፣ ገበያውንና የማዳበሪያ አቅርቦቱን አውኮበታል።

ኤክስ-ጅግናም አርጅቷል። በገበሬ እጅ ለአሥርት ዓመታት ሲዘራ ከሌላ ጋር ተደባልቋል፤ ዛላው ከሰገባው ሳይወጣ የሚያበሰብሰው በሽታም በርትቶበታል። ተመራማሪዎቹ የተሻሉ ዝርያዎች አውጥተዋል፤ ከእነዚህ አንዱን «ሻጋ» ብለው የሰየሙት በሁለተኛዋ መንደር ስም ነው። ደግ አደረጉ።

በርብ ላይ ብዙ ዓመት የፈጀው ግድብ ተሠርቷል፤ በጉማራም ላይ ለመገደብ ከተጠና ቆይቷል። ግድብ ጎርፉን ይገታል፣ በበጋም ያጠጣል፤ የሰመጠ ሰው ይህን አይጠላም። የፎገራ ሩዝ ግን የቆመው በዚያው ጎርፍ ላይ ነው። በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ማሳው ምን ያህል ውኃ ሊተኛበት እንደሚገባ፣ ሩዙ ዛላ ከማውጣቱ በፊት ውኃው መቼ መሸሽ እንዳለበት፣ ጓያው እንዲበቅል ስንት ቀን እርጥበት እንደሚበቃ አርባ ዓመት ሙሉ በየማሳው ሲለካ የኖረው የጅግናና የሻጋ ገበሬ ነው። ግድቡ በየትኛው ሳምንት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚወስነው ሰንጠረዥ በቢሮ ሲዘጋጅ፣ ከእነዚህ መንደሮች ሽማግሌዎችና ማሳውን የሚያርሙ ሴቶች ተጠርተው ከመሐንዲሶቹ እኩል ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለባቸው። የሸሸርና የወላላም ወሰን በዚያው ስብሰባ ተነሥቶ፣ ለረግረጉ የሚተው ውኃ ከማሳው ድርሻ ጋር አብሮ ይቆረጥ፤ ከዚያ መሬት ለሚነሣው ገበሬም ምትኩ በዚያው ቀን ይነገረው።